«ጭኖ መሄድ» እርዳታ ማድረስ አይደለም

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተውንና ብዙ ሰው «እውነት ነው» እያለ ያጋራውን ስለ አደጋ ጊዜ እርዳታ የተጻፈ ጽሑፍ እኔም ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ አማርኛቸው ያምራል፣ ቁጭታቸውም ይጋባል። ይሁን እንጂ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በጭነት ስምሪትና በመጋዘን ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ምክራቸው እንዳለ ቢተገበር የሚጎዳው ያው ሊረዱት ያሰቡት ተጎጂ ነው ብዬ ስለማምን ዝም ብሎ ማለፉ አላስቻለኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ክርክራቸውን ባጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ አደጋ በደረሰበት ቦታ የሚያስፈልገው ደግ ልብና መኪና ነው፤ ሎጂስቲክስ የሚባለው ዕቃን የማጓጓዝ፣ የማከማቸትና የማከፋፈል ሥራ ወረቀት የሚያበዛና ቀን የሚያስቆጥር ቢሮክራሲ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ለትራንስፖርት፣ ለመጋዘንና ለባለሙያ የሚወጣ ብር ሁሉ ከተራበ ሰው አፍ የተነጠቀ ነው። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ስለሚሰረቅ ሰው በእጁ ያለውን ዕቃ ይስጥ፤ ልብስም ይሁን መድኃኒት፣ የታሸገ ውሃም ይሁን ፓስታ፣ ተሰብስቦ ይጫን። አራተኛ፣ በጎ ፈቃደኛ በበዛ ቁጥር ሥራው ይቀላል፤ ስለዚህ መኪና ያለው ሁሉ ማንንም ሳይጠብቅ ራሱ ወደ ቦታው ይሂድ። ለዚህም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። አምስተኛ፣ መኪናና ሠራተኛ በነጻ እናቀርባለን የሚሉ የትራንስፖርት ድርጅቶች ማስታወቂያ ፈላጊዎች ስለሆኑ በራቸው ባይንኳኳ ይሻላል። አሳጥሬው እንጂ አጣምሜው እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ወረቀት መብዛት ያሉት እውነት አለው። ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ በመሆኑ ብቻ የተጫነ መኪና ግቢ ውስጥ ሲያድር አይቻለሁ። ይህ ግን የአስተዳደር ድክመት ነው፤ የስምሪት ባለሙያ ቀን ከሌት የሚጣላውም ከዚሁ ጋር ነው። የእሱ ሥራ ሌላ ነው። ምን ያህል ዕቃ ለስንት ሰው ያስፈልጋል? በየትኛው መንገድ፣ በምን ዓይነት መኪና፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ ይሂድ? እዚያ ሲደርስ ማን ያራግፈዋል፣ ዝናብ ቢመጣ የት ይገባል፣ መኪናውስ ተመልሶ መቼ ይጭናል? ጸሐፊው ቢሮክራሲ ያሉት እነዚህን ጥያቄዎች መኪናው ከመነሳቱ በፊት መመለስን ከሆነ፣ ያለ መልስ የተነሳ መኪና የሚመልሳቸው መንገድ ላይ ቆሞ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለውም ለዚህ ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዓለም ከነቃ በኋላ ትልቁ ማነቆ የእህል እጥረት አልነበረም። መርከቡ አሰብ ይደርሳል፤ የወደቡ የማራገፍ አቅም ግን ውስን ነበር፤ ከወደቡ አንስቶ ወደ ወሎና ወደ ሰሜኑ ደጋ የሚያወጣው መኪና ጥቂት፣ ጎማውና መለዋወጫውም ብርቅ ነበር። ላዩ ላይ ደግሞ ጦርነቱ መንገድ ዘግቷል። በአንድ በኩል ጆንያ ተከምሮ በሌላ በኩል ሰው በመጠለያ ያልቅ ነበር። የእንግሊዝ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች በመኪና ሊደረስባቸው ላልቻሉ የደጋ ቀበሌዎች ከአየር ላይ እህል እስከ መጣል የደረሱት፣ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም የሚጣልበትን ሜዳ ሲመርጡ የከረሙት በዚህ የተነሳ ነው። አንድ ሄርኩለስ በአንድ በረራ የሚያነሳው 20 ቶን እንኳ አይሞላም፤ አንድ ባለተሳቢ መኪና ግን 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን ይጭናል። የዚያን ዘመን አብራሪዎች ያደረጉት ሁሉ የሚያስመሰግናቸው ቢሆንም፣ በዚያ ወጪ የተጣለው እህል በመሬት መሄድ ቢችል ኖሮ ብዙ እጥፍ ሰው ይደርሰው ነበር። ያኔ የጎደለው መኪና፣ መንገድና ስምሪት እንጂ ደግ ልብ አልነበረም፤ ደግ ልቡማ ከዓለም ዙሪያ ጎርፏል።

ከዚያ ዘመን የወጣው ትምህርትም የሎጂስቲክስ ትምህርት ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የመጠባበቂያ እህል ክምችት ኮምቦልቻ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ መቀሌ፣ ሻሸመኔና ወላይታ ሶዶን በመሳሰሉ ከተሞች መጋዘን እየከፈተ ሲያድግ፣ አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነበር፤ እርዳታ ሰጪው እህል ለመላክ ቃል ሲገባ መርከቡ እስኪደርስ አይጠበቅም፣ ከክምችቱ በብድር ወጥቶ ይታደላል፣ መርከቡ ሲመጣ ብድሩ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ወራት ይድናሉ። ይህንን ያሰበ ሰው ቢሮ ውስጥ ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ባለሙያ ነበር።

የሌላውንም አገር ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የሃይቲ ዋና ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ ወደቡ ተሰብሮ ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ነበረው። አውሮፕላን በአውሮፕላን ላይ መጣ። ማን ቀድሞ ይረፍ የሚለውን በተጎጂው ፍላጎት ቅደም ተከተል የሚወስን አካል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስላልነበረ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአየር የሚነፋ የመስክ ሆስፒታል የጫነበት አውሮፕላን እንኳ ማረፍ ተከልክሎ ወደ ጎረቤት አገር ዋና ከተማ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ እንዲዞር ተደረገ፤ ዕቃው ከዚያ በመኪና ዞሮ መጣ። በአንጻሩ ኔፓል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 በተመሳሳይ አደጋ ስትመታ፣ ካትማንዱ አየር ማረፊያ ውስጥ የእርዳታ ዕቃ መቀበያና ማደራጃ ጣቢያ ከአንድ ወር ቀደም ብሎ ተከፍቶ ነበር። ያም ሆኖ ችግር አልጠፋም፤ እዚያም ማኮብኮቢያው አንድ ስለነበረ ከባድ አውሮፕላኖች እስከ መከልከል ተደርሷል። ይሁን እንጂ የመጣው ዕቃ የሚወርድበት፣ የሚቆጠርበትና የሚወጣበት ቦታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነበር። እንግዲህ በሁለቱም ቦታ ደግ ልብና አውሮፕላን ሞልቶ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልቀበል። በእርዳታ ስም የሚንደላቀቅ ቢሮ፣ መስክ ሳይወጣ የሚከፈል አበል፣ ለአንድ ሰው የቆመ ላንድክሩዘር አለ፤ ይህ ቢተች ደስ ይለኛል። ነዳጅን፣ ጫኝና አውራጅን፣ የመጋዘን ኪራይን ግን ከዚህ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ ልክ አይደለም። በዘርፉ ተደጋግሞ የሚጠቀስ ግምት ከአደጋ እርዳታ ሥራ 80 በመቶ ያህሉ ሎጂስቲክስ ነው ይላል። ቁጥሩ በአደጋው ዓይነት ሊለያይ ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ጅቡቲ የተራገፈ ስንዴ በራሱ እግር ጅግጅጋ እንደማይደርስ ለሚያውቅ ሰው አያስገርምም። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ በሚጠብቅበት ወቅት፣ ስንዴና ለመኸር የሚሆን ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በአንድ ጊዜ ጅቡቲ ላይ ተጋጥመው ተራ ይጠብቁ ነበር። ማዳበሪያው ቢዘገይ የሚቀጥለው ዓመት ምርት ይጎዳል፤ ስንዴው ቢዘገይ ያሁኑ ሰው ይራባል። የትኛው መርከብ ቀድሞ ይጠጋ፣ ስንት መኪና ለየትኛው ይመደብ የሚለውን የሚያሰላ ሰው ደመወዝ የተበላ ብር ነው? ቆሞ ለሚውል መርከብ የሚከፈለው ቅጣት በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ጸሐፊው ዘንግተውታል።

ሂሳቡን ራሳቸው ቢሠሩት መልካም ነበር። በአገራችን የተለመደው የምግብ እርዳታ ድርሻ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። 400 ኩንታል የጫነ ባለተሳቢ ለ2,666 ሰው የወር እህል ይዟል፤ 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ ግን ለ333 ሰው ብቻ። የአስፋልቱን መንገድ በትልቁ፣ የጠጠሩንና የጭቃውን በትንሹ መሄድ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ መጋዘን መያዝ ማለት ለአንድ ኩንታል የሚወጣው ብር በእጅጉ ይወርዳል ማለት ነው። ሁሉም ከአዲስ አበባ በየአይሱዙው ይሂድ ከተባለ ግን የሚድነው ብር የታለ? ስምንት ሹፌር፣ ስምንት ረዳት፣ ስምንት መኪና ነዳጅ፣ አንድ ባለተሳቢ ለሚያደርሰው።

ዋናው ልዩነታችን ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ያጋራውም ይህንን ክፍል ይመስለኛል፤ «ገንዘብ ይሰረቃል፣ ዕቃ አይሰረቅም፤ ስለዚህ ያለህን ስጥ» የሚለውን።

ያለህን ስጥ ሲባል ምን እንደሚመጣ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አርሜኒያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተላከላት። ምን እንደመጣ ለይቶ ለማወቅ ብቻ 50 ሰዎች ስድስት ወር ሠሩ። ስምንት በመቶው ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ነበር፤ አራት በመቶውን ብርድ አበላሸው፤ ከቀረው ውስጥ በቀላሉ መለየት የተቻለው 30 በመቶው ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በኤርትራ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ጊዜው ያለፈበት ሰባት መኪና ሙሉ አስፕሪን መጥቶ ለማቃጠል ስድስት ወር ፈጅቷል፤ 30,000 ጠርሙስ ጊዜው ያለፈበት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ደግሞ ከሽታው የተነሳ ሰው በሚኖርበት አካባቢ መድፋት አልተቻለም። እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ሁለት ሚሊዮን ሰው እንኳ ወደማይሞላባት የኢንዶኔዥያ ግዛት አቼ 4,000 ቶን መድኃኒት ገብቶ፣ 60 በመቶው በአገሪቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ 70 በመቶው ላይ የተጻፈው የአካባቢው ባለሙያ በማይረዳው ቋንቋ ነበር። ይህን ሁሉ የላኩት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ጸሐፊው እንዳሉት «ያላቸውን» የሰጡ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ያወጣው፣ የሚላከው መድኃኒት ተቀባዩ የጠየቀው እንዲሆንና ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው የሚጠይቀውም እንዲህ ያለ ጥፋት እንዳይደርስ ነው።

ወደ እኛው መጋዘን ልመለስ። በአንድ የወረዳ ከተማ፣ የጎርፍ ተጎጂዎች መጠለያ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አይሱዙ ሸራው ሲገለጥ ቆሜ ነበር። ከላይ ብርድ ልብስ፤ ከሥሩ በፌስታል የተቋጠረ ያገለገለ ልብስ፤ ከሱ ሥር የዱቄት ከረጢት፤ በከረጢቶቹ መሐል ክዳኑ የላላ የዘይት ጄሪካን ፈሶ ዱቄቱን ለቁሶታል። ተረከዙ የረዘመ የሴት ጫማ ከነካርቶኑ ነበር፤ ማን እንደሚያደርገው አንድዬ ይወቀው። የመጋዘን ኃላፊዋ የዕቃ ገቢ ማድረጊያውን ደረሰኝ፣ ሞዴል 19ኙን ይዛ ለረጅም ጊዜ አሰበችና ለልብሱ፣ ለጫማውና ለተቀላቀለው ሁሉ በአንድ መስመር «ልዩ ልዩ» ብላ ጻፈች። ምን ትሁን? ጫኝና አውራጆቹ ያንን ሲለዩ ዋሉ፤ ስንዴ የጫነ ባለተሳቢ ደግሞ በር ላይ ተራ ሲጠብቅ ዋለ።

ጸሐፊው ሊያስቡበት የሚገባው የስርቆት ነገር እዚህ ጋ ነው። በሞዴል 19 ገብቶ በወጪ ማድረጊያው ደረሰኝ በሞዴል 22 የሚወጣ፣ በኪሎና በቁጥር የተመዘገበ ዕቃ ቢጎድል ጉድለቱ ይታያል። «ልዩ ልዩ» ተብሎ የገባ ግን ቢጎድል ማን ያውቃል? ስለዚህ ተሰብስቦ ይጫን ያሉት የተደባለቀ ዕቃ ለሌባ ከሁሉ የተመቸው ነው። ዕቃ አይሰረቅም የሚለውንም ቢሆን የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ያፈርሰዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ያቋረጡት ስንዴ ተሰርቆ በገበያ ሲሸጥ በመገኘቱ ነበር። የተሰረቀው ብር አይደለም፣ እህል ነው፤ የተቀጣው ደግሞ እንደተለመደው የሌባው ጎረቤት ሆነ። ከወራት በኋላ እርዳታው የተመለሰው በዲጂታል ምዝገባና ጭነቱ ከመጋዘን እስከ እርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚሄድበትን በመከታተል ነው። ስርቆትን የሚያጠብበው እንግዲህ ክትትል ነው፤ የተሰጠው ነገር ዕቃ ወይም ገንዘብ መሆኑ ብቻውን ከስርቆት አያድንም።

ስለ ታሸገ ውሃ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በየአደጋው ቀድሞ የሚጫነው ሃይላንድ ነው። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ እንዲደርስ ዓለም አቀፉ መለኪያ ይመክራል፤ ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽህና ማለት ነው። 50 ኩንታል የሚያህል የታሸገ ውሃ የጫነ አይሱዙ 5,000 ሊትር ገደማ ይዟል፤ በዚያ መለኪያ ለ333 ሰው የአንድ ቀን ነው። በማግስቱ ሌላ አይሱዙ ያስፈልጋል። አንዱ 20 ሊትር የሚያክመው የውሃ ማከሚያ እንክብል ግን ለዚያው 5,000 ሊትር 250 ፍሬ ይበቃል፤ ይህም በአንድ ሰው ኮት ኪስ ይገባል። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ አስቀድሞ መጣራት አለበት፣ ጄሪካንም ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምንጩ በሬሳና በጭቃ የተበከለ ከሆነ የታሸገ ውሃ ሕይወት እንደሚያድንም አልክድም። ነገር ግን ለአይሱዙ ኪራይና ለሃይላንድ ግዢ ያዋጣው ሰው ይህን ልዩነት ቢነገረው ኖሮ ገንዘቡን የት እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም።

ገንዘብስ? ገበያ ባለበት አካባቢ ገንዘብ የራሱን መጓጓዣ ይዞ ይሄዳል፤ ጤፍና በቆሎ ከአጎራባች ወረዳ በነጋዴ አህያ ይመጣል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለብዙ ሚሊዮን ሰው ገንዘብ ሲከፍል ኖሯል። ገበያው በፈረሰበት ወይም እህል በጠፋበት ቦታ ግን ዕቃው ይሂድ። የትኛው ቦታ የትኛው እንደሚሻል መወሰን ራሱ ጸሐፊው አያስፈልግም ያሉት ሙያ ነው።

አራተኛው ነጥብ ስለ በጎ ፈቃደኞች ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊውን በሙሉ ልብ የምደግፍበት አለ፤ በማንኛውም አደጋ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፣ ቀጥሎ የሚደርሰውም ጎረቤት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የመሬት ናዳ ሲደርስ፣ ከባድ ማሽን ሊደርስ በማይችልበት ተዳፋት ላይ ሰዎቹ በአካፋና በባዶ እጃቸው ነበር የቆፈሩት። ነገር ግን ያው አደጋ የጸሐፊውን ምክር የሚቃወም መራራ እውነትም አለው። ከ200 በላይ ከሆኑት ሟቾች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ናቸው፤ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች ጭምር በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። እነዚያን ሰዎች ማንም ሊወቅስ አይችልም፤ የገዛ ወገናቸው ከአፈር ሥር ሆኖ ሲጮህ ተራራውን ማን ይመረምራል? እኛ ግን ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ከአደጋው በኋላ፣ መሬቱ ገና ወደሚንቀሳቀስበት ቦታ በየግል መኪናችን ስንጎርፍ ያንን ምክንያት ማቅረብ አንችልም። በተጨማሪም ወደ አንድ ቀበሌ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ መንገዱን ዘግቶ የቆመ ቪትዝ አምቡላንስም ሆነ ቦቴ ያስቆማል፤ ባለ ቪትዙም በልቶ ጠጥቶ የሚያድርበት ይፈልጋል።

የሎሚው ተረት ራሱ ለእኔ ይመሰክርልኛል። ተረቱ ሃምሳ ሰው አንዳንድ ሎሚ ይያዝ ነው የሚለው። በጸሐፊው አሠራር ግን ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ ሃምሳ ሎሚ ይዞ፣ ለአንድ ደጃፍ፣ በአንድ ቀን ይመጣል፤ ቀጣዩ ደጃፍ ባዶ ይቀራል።

በጎ ፈቃደኛ የሚጠቅመው አስቀድሞ የተመዘገበ፣ የሠለጠነና ማን እንደሚያዝዘው የሚያውቅ ሲሆን ነው። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በየቅርንጫፉ የሚይዘው እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ሰው ሙያውን ይዞ ቢመጣ ትርፉ ይበዛል። ጡረታ የወጣ የስምሪት ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ መኪና ያለ ግርግር ያሰልፋል። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት መጋዘኑን እህል ለብቻ፣ ሳሙናና ጸረ ተባይ ከእህሉ አርቃ፣ ቀድሞ የሚበላሸውን በር አጠገብ አድርጋ ትደረድረዋለች። መካኒክ ቁልቁለት ላይ የተበላሸ ሲኖትራክ ያስነሳል። በቅርቡ በዚያ መንገድ ያለፈ ሹፌር የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ ከካርታ ይልቅ ያውቃል። ሥራ አጥቶ የተቀመጠ የሒሳብ ሠራተኛ ጆንያ ከመሸከም ይልቅ ጆንያ ቢቆጥር ይሻላል። ጉልበት ብቻ ያለው ወጣትስ? እሱም ይፈለጋል፤ መጫንና ማውረድ በጉልበት ነው። በኔፓል ተራራ ሄሊኮፕተር ለማይደርስባቸው መንደሮች ድንኳንና ምግብ ያደረሱት በሺዎች የሚቆጠሩ ተሸካሚዎችና በቅሎዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን ግን ጭነቱ በሸክም ልክ ተመዝኖ፣ መንገዱ በሚያውቀው ሰው ተመርጦ፣ ያደረሰበት ቀበሌ ተመዝግቦ ነበር የሚሄደው። ሎጂስቲክስ የግድ ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ በበቅሎም ይሠራል።

አምስተኛው ነጥብ ብዙ አያናግረንም። ድርጅቶች ስማቸው እንዲጠራ ይፈልጋሉ መባሉ እውነት ነው፤ ጸሐፊው ያዩትን ዓይነት፣ ባነሩ ከጭነቱ የሚበልጥ ልገሳ እኔም አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነስቶ እርዳታቸው ይቅር ማለት መኪናና ልምድ ያለበትን ቦታ መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ሲመታ፣ መንግሥት ያሰማራቸው በረዶ የጫኑ መኪኖች የሚራገፉበት ጠፍቶ አገር ለአገር ሲዞሩ፣ አንዳንዶቹ ጭነታቸውን ይዘው ከአደጋው ቦታ ርቃ እስከምትገኘው ሜይን ግዛት ደርሰዋል። በዚያው ጊዜ ዋልማርት የተባለው የችርቻሮ ኩባንያ ሚሲሲፒ ውስጥ አስቀድሞ ካዘጋጀው ማከፋፈያ ዕቃ ያንቀሳቅስ ነበር፤ የዕለት ሥራው ስለሆነ ይችልበታል። ከዚያ ዓመት በኋላ የአሜሪካ የሎጂስቲክስ ባለሙያዎች አላን የሚባል የእርዳታ መረብ አቋቋሙ፤ ሥራውም መጋዘን ያለውን፣ መኪና ያለውንና ሙያ ያለውን በጎ ፈቃደኛ እርዳታ ከሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ጋር ማገናኘት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃም እንደ ማርስክ፣ ዩፒኤስና አጂሊቲ ያሉ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን፣ መኪናቸውንና መጋዘናቸውን በዓለም ምግብ ፕሮግራም ለሚመራው የሎጂስቲክስ አስተባባሪ ቡድን በነጻ ያውሳሉ። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድም በኮቪድ ጊዜ ከቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ የመጣውን የምርመራ ዕቃና ጭንብል፣ ለእያንዳንዱ የአፍሪካ አገር 20,000 መመርመሪያና 100,000 ጭንብል ተብሎ የተመደበውን፣ ከቦሌ እየለየ ለአህጉሩ አድርሷል። ለብዙ ሰው እንደ ተአምር የታየው ይህ ሥራ የካርጎ ሠራተኞቹ የዘወትር ሥራ ነው።

ስለዚህ ከድርጅቶቹ ጋር መነጋገር ያለብን ስለ ባነሩ አይደለም። ዝናብ ከመግባቱ በፊት የሚፈረም ውል ነው የሚያስፈልገው፤ ስንት መኪና፣ በምን ያህል ሰዓት ማስጠንቀቂያ፣ ነዳጁን ማን ይሸፍናል፣ ሹፌሩና ረዳቱ አደጋ ቢደርስባቸው ማን ይክሳል፣ የስምሪት ትዕዛዙን የሚሰጠው ማን ብቻ ነው፣ መኪናው ሲመለስ የእርዳታ ማከፋፈያው ጣቢያ የፈረመበትን የጭነት ሰነድ ለማን ያስረክባል የሚሉት በግልጽ የተጻፉበት ውል። ይህም ሐምሌ ላይ ሳይሆን ግንቦት ላይ መፈረም አለበት።